ከካዝናው አጠገብ

አቶ ደምሰው የአንድ ጭነት ማመላለሻ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ከሾፌሮቻቸው ጋር የሚነጋገሩበት ራዲዮ ሲገዛ፣ ወንፊት የሚያህለው ክብ አንቴና ለእንግዳ ሁሉ እንዲታይ ብለው ከወንበራቸው ጀርባ፣ ትልቁ የብረት ካዝና ላይ አሰቀሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራዲዮውን ድምፅ የሰማ ሾፌር የለም።

የድርጅቱ ራዲዮ ጠጋኝ ተጠራ። አገላብጦ አየና፣ "ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የካዝናው ብረት የአንቴናውን ኃይል እየበላበት ነው። ሁለት ክንድ ይራቅለት" አለ።

"በካዝናዬ አታሳብብ!" አሉ አቶ ደምሰው። "አንቴናውም ካዝናውም ንቅንቅ አይሉም። ዝም ያለ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ወይ አሁኑኑ ጠግነህ ታናግረዋለህ፣ ወይ ከሥራህ ተባረሃል!" ወዲያው ጸሐፊያቸውን ወይዘሪት የሺመቤትን ጠሩ። "አንቺ ፍረጂ፤ ጥፋተኛው ማን ነው? እሱ ወይስ ካዝናው?"

የሺመቤት አንዴ አለቃዋን፣ አንዴ ጫማዋን እያየች ዝም አለች።

"ተናገሪ እንጂ!"

የሺመቤት እንደገና ጫማዋን አየች።

ጠጋኙ መፍቻውን ኪሱ ከተተ። "ጌታዬ፣ ይህች ልጅ ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ በአንድ ትንፋሽ ሦስት ወሬ ትነግረኛለች። እርስዎ አጠገብ ስትቆም ግን ይኸው ድምፅ የላትም። እሷንም ልጠግናት ወይስ ሁለት ክንድ ትራቅ?"

የሺመቤት ሳቋ አመለጣት። አቶ ደምሰው ለመቆጣት የከፈቱትን አፍ ሳቅ ቀደመው።

"አንቴናውን ብቻ አርቀው" አሉ።