የውሻ መርዶ

በመንዝ ደጋ፣ በጓሳው ሣር መሀል ለመሀል የሚወርድ ቀጭን ጅረት አለ፤ ስሙ የውሻ መርዶ ነው። በዚያ ዳር የሚሄድ ሰው ውሻው ቢያላዝንበትም አይቆጣውም። ሽማግሌዎች የነገሩን መነሻ እንዲህ ያወሩታል።

ዘርጋው የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ነበረችው ይባላል። ስንዱ ጅረቱን ተከትሎ በሚገኝ ሩቅ መንደር ተድራ፣ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ደርሳ ነበር። በታኅሣሥ፣ ውርጩ ሣሩን ባነጣበት ማለዳ፣ ዘርጋው ለአራስ የሚሆን ቅቤ ይዞ፣ እሷው ያሳደገችውን ዳማ የተባለ ውሻ አስከትሎ ወረደ። ከውኃው ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም፤ እሱ ግን ለልጅ ልጁ ስም እየመረጠ ደስ ብሎት ይሄድ ነበር።

ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ሲደርስ ሁለት አማቾቹ፣ የባሏ ዘመዶች፣ ሽቅብ ሲመጡ አገኛቸው። ስንዱ ሌሊቱን በምጥ ከነፅንሷ አርፋ ኖሮ መርዶ ይዘው ነበር የሚመጡት። መርዶ ግን መንገድ ላይ አይነገርም፤ ባለ ሐዘኑ ቤቱ ገብቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። ወጉ እንዲያ ነው፤ ወግ ደግሞ አንዳንዴ ልብ የለውም።

«ስንዱስ እንዴት አደረች?» አላቸው።

«እግዜር ይመስገን» አለ ታላቁ፣ መሬት መሬት እያየ። «እኛስ ወደ አንተው ነበር የምንመጣው። በል ተመለስና ቤትህ አስገባን።»

እንግዳ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ነውና ዘርጋው ፊቱን ወደ ቤቱ አዞረ። ዳማ ግን የሰዎቹን ልብስ አሽትቶ፣ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ያላዝን ጀመር።

«ሟርተኛ! በራስህ ይድረስ!» ብሎ ዘርጋው በዱላ ጀርባውን አለው። ውሻው ብቻውን ቁልቁል ሄደ። ሰዎቹም ዘርጋውን ይዘው ሽቅብ ወጡ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ነገሩት። ስንዱ ከተቀበረች አድራለች፤ መንገዱን ቢቀጥል ኖሮ አፈር ሳትለብስ ይደርስላት ነበር። እየሮጠ ወርዶ መቃብሯ ዘንድ ሲደርስ ዳማን ከትኩሱ አፈር ላይ ተኝቶ አገኘው። ውሻው ቀና አለና ዱላውን ሲያይ ተነሥቶ ራቀ።

«ከሁላችሁ የነገረኝ እሱ ነበር» አላቸው ዘርጋው ተከትለውት የወረዱትን አማቾቹን፣ እንባው እየወረደ። «እኔ ግን መታሁት።»

ሲመለስ ዱላውን ከድንጋዩ ሥር ጥሎ ሄደ፤ እንደሚነገረው ዳግመኛ በትር አልያዘም። ከዚያ ወዲህ በሌላው አገር ነውር ቢሆንም፣ በዚያ ጅረት ዳር ባለ ሐዘኑን ያገኘ መርዶ ነጋሪ እዚያው ያረዳዋል። የሰማውም ዱላውን ይጥልና ባዶ እጁን ወደ ቀብሩ ይሮጣል። ዛሬም ከድንጋዩ ሥር ውርጭ የበላው ዱላ አይጠፋም።