የትርንጎ መምጫዋ ገና ነው

በአንድ ወቅት ነው። የትኛው ወቅት እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ዝም ብለሽ ጻፊ። በአንድ ወቅት፣ ከወንዝ ማዶ ባለች አንዲት መንደር፣ አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። ስሟ አትጠገብ ነው፤ ጎረቤቶቿ ግን ከኋላዋ «አትጠግብ» ይሏታል። በአንዲት ፊደል ሰውን መቦጨቅ የኛ ሰው ይችልበታል። የማትጠግበው እህል አይደለም፤ ውሳኔ ነው። ወጡን ጨው ጨምራበት፣ ቀምሳ፣ «ጥሩ ነው» ብላ፣ ዞር ስትል «ይሆን እንዴ?» ትላለች። አጥሩን በስተግራ አሳጥራ ስታበቃ «በስተቀኝ ነበር እኮ!» ትላለች። እንዲህ ያለ ሰው ታውቂያለሽ፤ እኔ ስም አልጠራም።

ባሏ አዳሙ ሞቶ አንዲት ልጅ ትቶላታል፤ ትርንጎ። ትርንጎ በሕፃንነቷ ታማ አንድ እግሯ ሰለለ። በግቢው ውስጥ እንደ ጫጩት ትሯሯጣለች፤ ሩቅ መንገድ ግን አይሆንላትም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ወንዝ ተሻግሮ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ስለዚህ አትጠገብ «ልጄን እዚሁ ቤቴ አስተምራታለሁ» አለች። እሷ ራሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ አስተማሪ ፈልጋ ነው።

የአዳሙ ታላቅ እኅት እትዬ ዘርፌ ከተማ ነው የምትኖረው። ልጅ የላትም። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህን በደንብ ጻፊልኝ። ቤቷ ከትምህርት ቤት አጥር ጋር የተያያዘ ነው። አዳሙ በሕይወት ሳለ «ልጅቷን ላክልኝ፣ እዚህ ትማር» ብላው፣ እሱም ደብዳቤ ጽፎላት ነበር። እሷ እንደምትለው ደብዳቤው «ለገና ትመጣለች» ይላል። አዳሙ ሞተ፤ ገና መጣ፣ ሄደ፤ አትጠገብ ልጇን አልላከችም። እትዬ ዘርፌ ያቺን ነገር በሆዷ ያዘች።

ትርንጎ ስድስት ዓመት ሲሞላት እትዬ ዘርፌ መጣችና በሽማግሌ ፊት ተናገረች።

«ሦስት ዓመት እሰጥሻለሁ አትጠገብ። ከዚያ የወንድሜን ደብዳቤ ይዤ እመጣለሁ። ልጅቷ ራሷ ካነበበችው እዚሁ ትቅር። ካላነበበችው ይዣት እሄዳለሁ።»

«እትዬ፣ ልጄ እኮ ናት።»

«የኔም ሥጋ ናት። ማይም ሆና እንድትቀር አልፈቅድም።»

ሽማግሌዎቹም «ተገቢ ነው» አሉ። እንግዲህ አትጠገብ አስተማሪ መምረጥ አለባት፤ የተሳሳተ ከመረጠች ልጇ ልትሄድባት ነው። አስቢው፤ ወጥ ቀምሳ ለማታርፍ ሴት!

መጀመሪያ የኔታ ኅሩይን ለመነች። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፃቸው ግን ማዶ ይሰማል። ትርንጎን ስንደዶ አስይዘው ፊደል ገበታው ፊት አስቀመጧትና «በይ ልጄ፣ ሀ በይ» አሏት። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ፣ ለ ሉ ሊ ላ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር። ዓመቱ ሳያልቅ ከሀ እስከ ፐ ሳትተነፍስ ትወርደው ጀመር። ታዲያ ጎረቤቷ ስንዱ መጥታ «የኔ ልጅ ትናንት የጆንያ ላይ ጽሑፍ አነበበ» አትላትም! አትጠገብ ሮጣ ገባች፤ ገበታው መሃል ላይ ጣቷን አሳርፋ «ይቺ ማናት?» አለች። ትርንጎ «ቆይ እማ» አለችና ከሀ ጀምራ እያዜመች ወረደች፣ ወረደች፣ እዚያ ስትደርስ «ቱ!» አለች።

«የኔታ፣ ልጄ ዘፈን ነው የተማረችው!»

«ፊደል መጀመሪያ በጆሮ ይገባል፤ ዓይን ኋላ ይደርስበታል። ታገሺ።»

አልታገሠችም።

ሁለተኛ ወደ አናጢው ወደ አያ ሞላልኝ ወሰደቻት። አያ ሞላልኝ ቃል አይወድም፤ እጁ ነው የሚናገረው። ከቁርጥራጭ እንጨት ፊደላትን ቀርጾ ቅርጫት ውስጥ ደባለቃቸው። «ዓይንሽን ጨፍነሽ አንዱን አውጪ» ይላታል። «ስንት እግር አለው?» «ሦስት።» «ሦስት እግር ያላቸው እነማን ናቸው?» «ሐ፣ ጠ፣ ጨ።» «ደግ። አሁን በጣትሽ ለኪው።» ዓመቱ ሳያልቅ የትኛውንም ፊደል ከየትም ብታነሺላት ሳታይ ትነግርሽ ጀመር። ከዚያ አትጠገብ ተዝካር ሄደች፤ እዚያ የዘመዷ ልጅ አንድ ሙሉ ጸሎት እንደ ውኃ ሲያወርደው ሰማች። ቤቷ ገብታ ትርንጎን «አንብቢልኝ» አለቻት። ትርንጎም «መ... ስ... ከ... ረ...»

«አያ ሞላልኝ፣ ይቺ ልጅ መስከረምን አንብባ እስክትጨርስ ጥቅምት ሊገባ ነው!»

«ቀስ ብሎ የተለካ እንጨት ሁለተኛ አይቆረጥም። ታገሺ።»

አልታገሠችም።

ሦስተኛ እማማ ውዴን ለመነች። እማማ ውዴ አልቃሽ ናቸው፤ የአንድ ሰው ለቅሶ ላይ አንዲት ስንኝ ሲወረውሩ ግማሹ ሰው ያለቅሳል፣ ነገር የገባው ግማሹ ደግሞ በነጠላው ተሸፍኖ ይስቃል። ገበታ የላቸውም፤ አመድ ላይ በጣታቸው አንዲት ቃል ይጽፋሉ። «ይህ ምን ይላል?» «ዋና።» «የቱ ዋና? ሲላላ ውኃ ውስጥ ነሽ፤ ሲጠብቅ ወንበር ላይ ነሽ። ፊደል ዲዳ ነው ልጄ፤ አፉ አንቺ ነሽ።» ዓመቱ ሳያልቅ ትርንጎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተነፈሰች፣ እያሳረፈች፣ እየሣቀች ታነብ ጀመር። ታዲያ ስንዱ እንደገና ብቅ አለች፤ «የኔ ልጅ ለአጎቱ በእጁ ጽሑፍ ደብዳቤ ላከ» ብላ። እውነትም ትርንጎ በዚያ ዓመት ከአመድ ላይ በቀር የጻፈችው አልነበረም።

«እማማ ውዴ፣ ልጄ ተጫዋች ሆና ቀረችብኝ እኮ!»

«መጀመሪያ ቃል ይጫወትባታል፤ ኋላ እሷ ትጫወትበታለች። ታገሺ።»

እንደገና አልታገሠችም። ወደ የኔታ ልመልሳት ወይስ አራተኛ ልፈልግ እያለች ነጠላዋን ስታጣፋ፣ እትዬ ዘርፌ በር ላይ ደረሰች። ሦስቱ ዓመት አልቋል።

ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሦስቱም አስተማሪዎች መጡ። አትጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። «የኔታ ጋ ባቆየኋት! አይ፣ አያ ሞላልኝ ጋ! ኸረ እኔ ነኝ የገደልኳት!» ትላለች። ስንዱ አጠገቧ ሆና «ዝም በይ አሁን፣ ልጅቷን ታስደነግጫታለሽ» አለቻት።

እትዬ ዘርፌ ደብዳቤውን ከመቀነቷ ፈታች። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት አልቋል፤ እጥፋቱ ላይ አንዲት ቃል ከወገቧ በላይ ተበልታ የፊደሎቹ እግር ብቻ ቀርቷል። ትርንጎ ተቀበለችና ጀመረች። ሰላምታውን አነበበች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬው መታመም አነበበች። እጥፋቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

እትዬ ዘርፌ ይቺን ቦታ በቃሏ ታውቃታለች። ደብዳቤውን በተቀበለችበት ጊዜም ደብዝዛ ነበረች፤ ያኔውኑ ራሷ ሞልታታለች። «ሽምብራው እስኪነቀል ታገሺ፤ የትርንጎ መምጫዋ ገና ነው።» ሽምብራ መቼ ነው የሚነቀለው? ገና ሰሞን። ነገሩ ገጥሞላታል።

ትርንጎ ግን ጣቷን እጥፋቱ ላይ አሳረፈች። «ይሄ ቦታ ሦስት ፊደል ነው የሚይዘው» አለች፤ «የመጀመሪያው ሦስት እግር አለው።» አያ ሞላልኝ ኮፍያውን አስተካከለ። ልጅቷ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች፤ «ሐ ሑ ሒ ሓ ሔ ሕ ሖ...» አለች፤ አልሆነም። «ጠ ጡ ጢ ጣ ጤ ጥ...» ጥ ላይ ምላሷ ቆመ። «ጥ... ጥር... ጥርሷ!» የኔታ ኅሩይ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ትርንጎ ትንፋሿን ሰብስባ ሙሉውን አነበበችው። «ጥርሷ እስኪነቀል ታገሺ፤ የትርንጎ መምጫዋ ገና ነው።» ገናን አላልታ ነው ያነበበችው፤ ገና ነው፣ ጊዜው አልደረሰም፣ በሚለው። እማማ ውዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ተሳሳተች!» አለች እትዬ ዘርፌ። «ሽምብራ ነው የሚለው! ገና በዓሉ ነው!»

«አክስቴ» አለች ትርንጎ፤ «ሽምብራው አራት ፊደል አልፎ አምስት ነው፤ እዚህ አይገባም። የሽ እግርም ሁለት ነው። ጥርሷ ከሆነ ደግሞ አባዬ ለበዓል ትመጣለች አላለም፤ ሕፃን ናት፣ ቆዪ ነው ያለሽ።»

እትዬ ዘርፌ ወረቀቱን ነጥቃ አየች። ወደ ፀሐይ አዞረችው። በጣቷ ለካችው። ከዚያ ቀስ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ይህን ሁሉ ዓመት» አለች፤ «ሟቹን ወንድሜን ያላለውን አስብዬ፣ በሕይወት ያለችውን ተቀየምኩ። አትጠገብ፣ ይቅር በይኝ።»

አንድ ሽማግሌ ግን አላስቻላቸውም። «ቆይ እንጂ! ጥርሷ እስኪነቀል ነው ያለው። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጥርሷ ተነቅሎ የለም ወይ?»

አትጠገብ ደረቷን ያዘች። ትርንጎ ግን አፏን በሰፊው ከፈተች፤ ከኋላ ያለችውን አንዲት መንጋጋ በምላሷ ገፋ ገፋ አደረገቻት። ጥርሲቱ ወዲያና ወዲህ አለች።

«ይቺ ገና ናት!» አለች።

ሰው ሁሉ ሣቀ፤ እትዬ ዘርፌ ከሁሉ በላይ ሣቀች፤ እንባዋን ስትጠርግ የቱ የሣቅ የቱ የለቅሶ እንደሆነ አይለይም ነበር። ሣቁ ሲበርድ ግን ኮስተር አለች።

«ቃሌ ቃል ነው፤ አንብባዋለችና እዚሁ ትቅር። ነገር ግን አትጠገብ፣ ልጅቷን እንደ ወንፊት ከቤት ቤት እንደምታውሺ ሰምቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ አስተማሪ ምረጪ። መርጠሽም እርፍ በይ። እንደገና ከቀየርሽ ግን እኔ አስተምራታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ አሁንም «ተገቢ ነው» አሉ። ለእነሱ እንደሆነ ሁሉም ተገቢ ነው።

የኔታ ኅሩይ ተነሡ። «ጥ ከየት መጣ? ያ ዘፈን ያላችሁት ነው ያመጣው። ያለ ተራው ፊደል ሁሉ ወና ነው። እኔ አርጅቻለሁ፤ የያዝኩትን ሁሉ ለእሷ ልተውላት እፈልጋለሁ። ከእኔ ጋር ከመጣች የተማረች ሴት ትሆናለች።»

አያ ሞላልኝ አልተነሣም። «ዜማው ያገለገላት እግሩን ከቆጠረች በኋላ ነው። ከፊደል ሁሉ ሦስቱን ብቻ ያስቀረላት እጇ ነው። ይቺ ልጅ ሩቅ አትሄድም፤ ተቀምጦ የሚሠራ እጅ ያስፈልጋታል። ከእኔ ጋር ከመጣች ሰው ደጇ ድረስ ይመጣላታል።»

እማማ ውዴ ከተቀመጡበት ሆነው «ጥርሷንስ አገኛችሁ» አሉ፤ «ገናን ባታላላው ምን ይጠቅማት ነበር? አነበበች ብትሉም፣ ትርጉሙ ዘርፌ እንዳለችው ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር የሚገባውን ሰው ማንም አያታልለውም። ከእኔ ጋር ከመጣች በሰውም ቃል በራሷም ቃል አትታለልም።»

አትጠገብ ሦስቱንም አየች። አንዱን ስታይ ሌላው ይበልጥባታል። ተመልሳ ደግሞ የመጀመሪያውን ታስባለች። «ምናልባት መቀያየሬ ነው የጠቀማት» ትላለች፤ «ሦስቱም ባይነኳት ኖሮ ታነበው ነበር ወይ? ምናልባት ደግሞ የመጀመሪያውን ታግሼ ቢሆን ከዚህ የበለጠ ታነብ ነበር።» መጨረሻው ሲጠፋት ወደ ልጇ ዞረች።

«ትርንጎዬ፣ አንቺው ንገሪኝ፤ ማን ይሻልሻል?»

ትርንጎ እናቷ አጠገብ ቁጭ አለች፤ የሰለለ እግሯን ዘርግታ።

«ከማንኛቸውም ጋር እማራለሁ እማ። አንቺ ብቻ ከመረጥሽ በኋላ የስንዱን አጥር አትዪ።»

ስንዱ «እንዴ!» አለች። አትጠገብ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወዲያም ወዲህም አላለችም። ረጅም ተነፈሰችና የአንድ ሰው ስም ጠራች።

የማንን? ነገሩ እሱ ነው እንግዲህ። የደብሩ ሰዎች «የኔታ ኅሩይን ነው የጠራችው» ብለው ይምላሉ። አናጢዎቹ «አያ ሞላልኝን ነው፣ እኛ ነበርን» ይላሉ። ለቅሶ ቤት ከሄድሽ ደግሞ ሴቶቹ ሁሉ «እማማ ውዴን» ይሉሻል። የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አትጠገብ ስሙን ከጠራች በኋላ፣ የሌላ ሰው ልጅ ምን ተማረ ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ ትርንጎም በእናቷ ቤት አደገች።

እንግዲህ ልጆቻችሁን ቤት የምታስተምሩ፣ መጽሐፍ ገዝታችሁ በማግሥቱ ሌላውን የምታገላብጡ፣ እናንተ ፍረዱ። ጥን ያመጣው ዜማ ነው፤ እግሩን የቆጠረው እጅ ነው፤ ገናን ያላላው ጆሮ ነው። ልጅቷ አንድ ናት፤ አስተማሪውም አንድ ብቻ ይሁን ተብሏል። እናንተ በአትጠገብ ቦታ ዋርካው ሥር ብትቀመጡ፣ ዳግመኛ ዞር ብላችሁ ላታዩ፣ የማንን ስም ትጠሩ ነበር?