ትርንጎና አንዲት ፊርማ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጊዜ ያለው ቁጭ ብሎ፣ ሥራ ያለበት እየሠራ ይስማኝ።

በከተማችን ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። እህቴ ናት። ትርንጎ የምትፈልገው አንዲት የታሸገች ፖስታ ብቻ ነበር። ፖስታዋ ውስጥ በከተማችን ኮሌጅ ሁለት ዓመት የተማረችው የሳይንስ ውጤት አለ። ያችን ፖስታ ይዛ ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ከደረሰች ሦስተኛ ዓመት ትገባለች። ካልደረሰች ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ቀኑ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት ነበር።

ትርንጎ ድሮም ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ነበራት። ግን የተመደበችበት ክፍል ሳይንስ አልነበረም። «ሳይንሱን እዚሁ ኮሌጅ ልጀምረው፤ ዩኒቨርሲቲው የትም አይሄድም» አለች። ሰፈሩ ሳቀባት። «ያን ሁሉ ነጥብ አምጥታ ጓሮዋ ልትማር!» ያላላት ሰው የለም። እሷ ግን ነጭ ጋዋኗን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በየቀኑ ኮሌጇ ሄደች።

ፖስታዋ ያለችው ሬጅስትራሯ ወይዘሮ ስመኝ መሳቢያ ውስጥ ነው። «ፖስታሽ ተዘጋጅቷል የኔ ልጅ። ክሊራንስሽስ?» አሏት። ክሊራንስ ማለት ተማሪ ኮሌጁን ሲለቅ የኮሌጁን ዕቃ እንዳልያዘ እያንዳንዱ ክፍል የሚፈርምበት ወረቀት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ፈርሟል። ኳስ ነክታ ለማታውቅ ልጅ ስፖርት ክፍሉ እንኳ ፈርሟል። የቀረው ላብራቶሪው ነው። «አንድ ፊርማ ጎድሎ ፖስታ አልሰጥም» አሉ።

ትርንጎ ወደ ላብራቶሪው ኃላፊ ወደ አቶ አስናቀ ሮጠች።

«ይፈርሙልኝ፤ ወይዘሮ ስመኝ ፖስታውን አልሰጥም አሉ።»

አቶ አስናቀ መዝገባቸውን ገለጡ። «አንድ ቢከር ይጎድላል። ያ መስመር መስመር ያለው የመለኪያ ብርጭቆ። ለመመረቂያ ሥራሽ ወተት ትመረምሪበት አልነበር?»

«ውይ! እትዬ ደብሪቱ ቤት ረስቼዋለሁ።»

«እንግዲያው እሱ ሳይመለስ አልፈርምም።»

ትርንጎ ወደ ወተት ሻጯ ወደ እትዬ ደብሪቱ ሮጠች።

«ቢከሩን ይስጡኝ፤ አቶ አስናቀ አልፈርምም አሉ፤ ወይዘሮ ስመኝ ፖስታውን አልሰጥም አሉ።»

«ያን ብርጭቆ?» አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘውት። «ምነው የኔ እመቤት! ይሄን ካየ ወዲህ ደንበኛዬ በጣሳ ብለካለት እሺ አይልም። መስመሩን በዓይኑ ካላየ ወተቴን አይነካም። ለነገ ሌላ መለኪያ እፈልጋለሁ፤ የዛሬውን ሳልለካ ግን አልለቅም!»

«ታዲያ የዛሬው ወተት የታለ?»

«እሷን ጠይቂያት» አሉ ላሚቱን እያሳዩ።

ትርንጎ ወደ ላሚቱ ወደ ሻሼ ሄደች።

«ሻሽዬ ታለቢልኝ፤ እትዬ ደብሪቱ ቢከሩን አልለቅም አሉ፤ አቶ አስናቀ አልፈርምም አሉ፤ ወይዘሮ ስመኝ ፖስታውን አልሰጥም አሉ።»

ሻሼ አየቻት። ከዚያ ባልዲውን በእግሯ ገለበጠችው።

«ፋጉሎዋን ካላገኘች አትታለብም» አሉ እትዬ ደብሪቱ። ፋጉሎ ኑግ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው የከብት መኖ ነው። «ዘይት ቤት ፋጉሎ ከጠፋ ሦስት ቀኑ፤ ቤት የነበረኝም ትናንት አለቀ።»

ትርንጎ ወደ ዘይት ጨማቂው ወደ ጋሽ መኳንንት ሮጠች። ጋሽ መኳንንት እስከ ክርናቸው ዘይት ተቀብተው ማሽናቸው አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ጋሽዬ፣ ፋጉሎ ይስጡኝ፤ ሻሼ አልታለብም አለች፤ እትዬ ደብሪቱ ቢከሩን አልለቅም አሉ፤ አቶ አስናቀ አልፈርምም አሉ፤ ወይዘሮ ስመኝ ፖስታውን አልሰጥም አሉ።»

«እኔ ምን ላድርግሽ? ማሽኑ ፋጉሎ አላወጣም ብሏል፣ ኑጉ አልጨመቅም ብሏል። እንደ ሊጥ ተለጥፎ ያንቀዋል።»

«ኑጉ እርጥበት ይዞ ይሆናላ።»

«እርጥበት!» ጋሽ መኳንንት ሳቁ። «ስሙልኝ ይቺን ኮሌጅ! ሠላሳ ዓመት በጥርሴ ነው የለየሁት። ይኸው፣ ቀጭ አለ። ደርቋል።»

«ጥርስዎ የሚያውቀው ቅርፊቱን ነው ጋሽዬ። ሆዱን በሚዛን እንየው።»

«ኑግ ሆድ አለው እንዴ?» አሉ። ሚዛኑን ግን ሰጧት።

ትርንጎ አንድ ኪሎ ኑግ መዘነች። በብረት ምጣድ፣ በለስላሳ እሳት፣ እያማሰለች አሞቀችው። መልሳ መዘነችው፤ ቀነሰ። እንደገና አሞቀችው፤ እንደገና ቀነሰ። መቀነሱን ሲያቆም መቶ ሠላሳ ግራም ጎድሏል።

«ከምጣዱ አንድ ፍሬ አልወደቀም» አለች። «የጎደለው ውሃ ነው። ከዚህ ግማሽ ያህሉ ከወጣ ይበቃል።»

ጋሽ መኳንንት ሚዛኑን አዩ፣ ኑጉን አዩ፣ ጥርሳቸውን በምላሳቸው ነካ ነካ አደረጉ። «ይሄን እዚሁ ኮሌጅ ነው ያስተማሩሽ?»

«አዎ። በመጀመሪያው ሴሚስተር።»

ከዚያ በኋላ አልሳቁም። ሰፊ ቆርቆሮ እሳት ላይ ጣዱና ራሳቸው ያማስሉ ጀመር።

ታዲያላችሁ፣ ኑጉ ተጨመቀ፤ ማሽኑ ፋጉሎ አወጣ፤ ሻሼ በልታ ታለበች፤ እትዬ ደብሪቱ ወተታቸውን ለክተው ቢከሩን ለቀቁ፤ አቶ አስናቀ «ወተት ወተት ይላል!» እያሉ አሳጥበዋት ፈረሙ፤ ወይዘሮ ስመኝም ሊዘጉት የነበረውን መሳቢያ ከፍተው ፖስታውን ሰጡ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ አብሬያት ሄድኩ። አራት ሰዓት ላይ ዩኒቨርሲቲው መስኮት ፊት ቆምን። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ፖስታውን አገላብጦ አየና «የት ነው ደሞ ይሄ ኮሌጅ?» አለ። የተሰለፉት ተማሪዎች ሁሉ ዞረው አዩን።

እኔ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ያን ቀን ግን ትርንጎ አፏን ሳትከፍት የኮሌጃችንንም የከተማችንንም ስም ተናገርኩ፤ ሰልፉ መጨረሻ ድረስ ተሰማ።

«እሺ፣ እሺ፣ አልደነቆርኩም!» አለ ሰውዬው እየሳቀ። ማህተሙን አነሳና ከትርንጎ ስም አጠገብ መታው፦ ሦስተኛ ዓመት፣ ሳይንስ።

ተረቴ ይህችው ናት። ከኔ ተቀብላችኋል፤ እናንተ ደግሞ ለሌላ አቀብሉ።