ጀርባ ሲዞር የሚገባ ዓሣ

አንድ ዓሣ አጥማጅ በጣና ዳር ይኖር ነበር፤ ስንሻው ይባላል። አባቱ አያ ጓዴ በጉልበታቸው ዘመን ሐይቁን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ግን ከቤት አይወጡም። ቢያድግ ከሚባለው የድሮ ባልንጀራቸው ጋር ደግሞ በአንድ በተቀደደ መረብ ተጣልተው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የላቸውም። አያ ጓዴ ኩሩ ናቸው፤ ማን ደፍሮ ይሸምግላቸው። በኋላ በኋላማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ «ውኃውም ሰዉም ረስቶኛል። ደጋ እህቴ ዘንድ ውሰደኝ፤ እዚያው ልሙት» ማለት አመጡ። ጓዛቸውም ተቋጠረ።

ስንሻው ጨነቀው። አባት የሌለበት ቤት ምን ቤት ነው? ሐይቁን ቢያዩ ልባቸው ይመለስ ይሆናል ብሎ፣ የአጥማጅነት ውሎውን የሚቀርጽበት ካሜራ ሊገዛ ከተማ ገባ።

ባለ ሱቁ ሁለት አወጣለት። አንዱ አፉ ረጅም፣ የሩቁን የሚያቀርብ፣ ሰርግ ላይ የሚታየው ዓይነት ነው። ሌላው ከክብሪት ሣጥን ብዙም አይበልጥም። የስንሻው እጅ ወደ ትልቁ ሄደ። አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት በሰፈር ሲያልፍ ታይቶት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።

«ውሎህ የት ነው?» አለው ባለ ሱቁ።

«ውኃ ላይ።»

«እንግዲያ ረጅሙን አንድ ቀን ውኃ ከረጨው ሁለተኛ አያይልህም። ትንሹ ቢጠልቅም አይሞትም። ሩቅ አያሳይህም፤ አጠገብህ ያለውን ግን አይስትም።»

ስንሻው ቅር እያለው ትንሹን ይዞ ተመለሰ። ሰፈሩም አላለፈውም፤ ጣናን ያህል ሐይቅ በክብሪት ሣጥን ሊከት ነው እየተባለ ተሳቀበት።

በነጋታው ካሜራውን የታንኳው አፍንጫ ላይ፣ ዓይኑን ወደ ራሱ አዙሮ አሰረና ሲያጠምድ ዋለ። መቼም ከደንገል ሣር የተሠራ ታንኳ ውኃ ይጠጣል፤ ከሐይቅ ሲወጣ ካልቆመና ካልደረቀ ይበሰብሳል። ስንሻውም እንደ ልማዱ ጎትቶ ዛፍ ላይ አስደግፎ አቆመው። ካሜራው ጫፉ ላይ እንደ ታሰረ መቅረቱን ረሳ። ቅርጫቱን ከታንኳው ሥር ትቶ፣ መረቡን ሊያጥብ ጀርባውን ሰጥቶ ውኃ ውስጥ ገባ። በዚያ አገር ዓሣ ዳር ላይ አይቆጠርም፤ በረከቱ ይሸሻል ይላሉ። ስለዚህ ስንሻው አጥቦ ሲመለስ ቅርጫቱን አንሥቶ ከመሄድ በቀር አንድም ቀን ቆጥሮ አያውቅም።

ቤት ሲገባ ካሜራውን ከጎረቤት በተዋሰው ቴሌቪዥን ላይ ሰካው። ወንፊት ልትዋስ የመጣችው ሁሉ ደጃፍ ላይ ቆማ ቀረች። መጀመሪያ ውኃው መጣ። አያ ጓዴ ትንሽ አዩና፣ ውኃውንማ አውቀዋለሁ ብለው ወደ ግድግዳቸው ሊዞሩ ሲሉ ምስሉ ተገለባበጠ። ታንኳው ሲቆም ነው። ስንሻው አፍሮ ሊያጠፋው እጁን ሰደደ።

«ተው። ቅርጫትህ አጠገብ የቆመው ማነው?» አሉ አባትዬው።

ቢያድግ ነበር። ግራ ቀኝ አየና ከራሱ ቅርጫት አንድ ወፍራም አምባዛ ዓሣ መዝዞ የስንሻው ቅርጫት ውስጥ ከተተ። ከኋላው ሌላ አጥማጅ መጥቶ ቀረሶ ጨመረ። ሦስተኛውም እንዲሁ። የቢያድግ ድምፅም ተሰማ፦ «ቀስ በሉ፣ ልጁ እንዳይሰማ። ከእኔ መሆኑን ካወቀ ጓዴ አይቀምሰውም።»

አያ ጓዴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እኔ ደግሞ» አሉ፣ «ይህ ልጅ መቼ ነው እንዲህ የጎበዘው እያልኩ ስገረም ነበር።»

ስንሻው ራሱ ከሁሉ በላይ ሳቀ። ጓዙም ያኔውኑ ተፈታ።

በማግስቱ አያ ጓዴ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ በሰው ትከሻ ወደ ዳር ወርደው፣ ከዛፉ ኋላ ሆነው ጠበቁ። ቢያድግ ዓሣውን እንደ ያዘ እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

«ሌባ ሁሉ ከሰው ቅርጫት ያወጣል» አሉት። «አንተ ምን ዓይነት ሌባ ነህ፣ የምትጨምር?»

ቢያድግ አቀረቀረ። «ማዕበሉ ታንኳዬን በገለበጠው ቀን ከውኃ ያወጣኝን እጅህን፣ በአንድ መረብ ልርሳው እንዴ?»

አያ ጓዴ ያንን ዓሣ ዓሣ የሚሸት እጁን ስበው ሳሙት።

ወገኔ፣ ረስተውኛል የምንለው ብዙ ጊዜ ጀርባችንን ሰጥተን ቆመን ነው። የሩቁን የሚያቀርብ ዓይን ሁሉም ይመኛል፤ እግራችን ሥር ያለው ቅርጫት ውስጥ ማን ምን እንደ ጨመረ የሚያይ ዓይን ግን መራጩ ጥቂት ነው። የበላነውን ሁሉ እኛ አላጠመድነውም። ማን እንደ ጨመረልን ባናውቅ እንኳ፣ እግዜር ይስጥልኝ ማለት አፍ አይሰብርም።

እስኪ የዛሬውን ቅርጫትህን አንሣው። አንተ ካጠመድከው በላይ አይከብድም?