ጌጤም አልነዳ አለች

ተረት ልንገራችሁ። ላም የለችበትም፣ በረትም የለበትም፤ ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው። ዳቦም አትቁረሱልኝ፤ ይህን ባወራሁ ቁጥር ቆሽቴ ስለሚያር አይወርድልኝም።

በአንዲት ዳገታማ ከተማ፣ መኪና ያላቸው ሰዎች መንዳት አይችሉም፤ መንዳት የሚችሉት ደግሞ መኪና የላቸውም። እህል ነጋዴው አይሱዙ ገዛ፣ መሪ መያዝ ግን አልተማረም። ቀበሌው ፒክአፕ ተሰጠው፣ ሹፌር ግን አልተቀጠረለትም። ጤና ጣቢያው ላንድክሩዘር አለው፤ ሹፌሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ምትክ አልመጣም። ስለዚህ ሁሉም የሚጠሩት ጌጤን ነው። ጌጤ ስንሻው መንጃ ፈቃድ አላት፣ አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፣ መኪና ግን የላትም። የሰው ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ዛሬ የዚህን ነገ የዚያን እየነዳች ትኖራለች።

ባለፈው ጥር፣ እንደ እሷው የሰው መኪና የሚነዳው አንዳርጌ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት አንዲት አሮጊት ገጨ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ባለመኪናው «የነዳሁት እኔ አይደለሁም» አለ። የመኪናው ኢንሹራንስ «ይህን ሹፌር አናውቀውም» አለ። አንዳርጌ እስር ቤት ገባ፣ አሮጊቷ አልጋ ላይ ቀሩ፣ የሚያሳክማቸው ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌጤ መሪ በያዘች ቁጥር አንዳርጌን ታስባለች። «ነገ በእኔ እጅ ሰው ቢሰበር፣ የተሰበረውን ማን ያሳክማል? እኔ ስታሰር ልጄን ማን ያሳድጋል?» ትላለች። የፈለገችው አንዲት ወረቀት ነበረች። መኪናውን ሳይሆን እሷን፣ ሹፌሯን፣ የምትሸፍን የኢንሹራንስ ወረቀት።

ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄደች። ጸሐፊው ሻዩን እየጠጣ ነበር፤ ብርጭቆውን የሚያስቀምጠው በተቆለለ ቅጽ ላይ ነው። ቪትዝ አለው፣ ልጆቹን በቪትዙ ትምህርት ቤት የምታደርስለትም ጌጤ ናት።

«ጋሼ፣ የሹፌር ኢንሹራንስ ያውጡልኝ» አለችው።

«ለየትኛው መኪና?»

«መኪና የለኝም። የሰው ነው የምነዳው፤ እርስዎም ያውቃሉ።»

ጸሐፊው ሳቀ። «መኪና የሌለው ሰው የመኪና ኢንሹራንስ ምን ያደርግለታል? ይልቅ ከምትነጃቸው የአንዱን ሊብሬ አምጪና እናያለን።» ሊብሬ የመኪናው የባለቤትነት ደብተር ነው። ያለ ደብተር፣ ጸሐፊው ወረቀት አላወጣ አለ።

ጌጤ ወደ ባለአይሱዙው ወረደች። «ጋሼ፣ ሊብሬውን ለአንድ ቀን ይስጡኝ። ጸሐፊው ወረቀት አላወጣ አለ።»

ነጋዴው መዝጊያው ላይ ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል። «ልጄ፣ አይሱዙውን ከነጭነቱ ይዘሽ ሦስት ቀን ብትቆዪ አልጠይቅሽም። ሊብሬ ግን ሌላ ነገር ነው። ዋስ ጥሪ» አላት። መኪናውን አምኖ ወረቀቱን የማያምን፣ በሬውን ሰጥቶ ገመዱን የሚደብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ነጋዴው ሊብሬ አልሰጥ አለ።

ጌጤ ወደ አጎቷ ወደ ጋሽ አስናቀ ሄደች። «አጎቴ፣ ዋስ ሁነኝ። ነጋዴው ሊብሬ አልሰጥ አለ፤ ጸሐፊው ወረቀት አላወጣ አለ።»

«ክርስትና ስትነሺ ያቀፍኩሽ እኔ ነኝ» አለ አጎቷ። «አባትሽ ሲሞትም አጠገብሽ የነበርኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም ጊዜው ክፉ ነው። ጌጤ ስንሻው መሆንሽንና እዚህ ነዋሪ መሆንሽን ቀበሌ ጽፎ ማኅተም ይምታበት፣ ያኔ እፈርማለሁ።» ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይላሉ፤ ያቀፋትን ልጅ ማንነት ከቀበሌ ጠየቀ። አጎቷ አልፈርም አለ።

ጌጤ ወደ ቀበሌ ወጣች። ማኅተሙን በቁልፍ ቆልፋ የምትይዝ አንዲት ወይዘሮ አለች። «እትዬ፣ ማኅተም ይምቱልኝ። አጎቴ አልፈርም አለ፤ ነጋዴው ሊብሬ አልሰጥ አለ፤ ጸሐፊው ወረቀት አላወጣ አለ።»

«ነዋሪነትሽንማ ማን ያጣዋል» አለች ወይዘሮዋ። «ትናንት ለስብሰባ ፒክአፑን የነዳሽልን አንቺ አይደለሽ? ግን ሹፌር ነሽ። ክስ እንደሌለብሽ ትራፊክ ይጻፍልኝ።» ማኅተሙን መልሳ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ማኅተም አልመታ አለች።

ጌጤ መስቀለኛው መንገድ ላይ ወዳለው ትራፊክ ሄደች። «ሳጅን፣ ክስ የለባትም ብለህ ጻፍልኝ። ወይዘሮዋ ማኅተም አልመታ አለች፤ አጎቴ አልፈርም አለ፤ ነጋዴው ሊብሬ አልሰጥ አለ፤ ጸሐፊው ወረቀት አላወጣ አለ።»

ትራፊኩ መንጃ ፈቃዷን ተቀበለ። አራቀው፣ አቀረበው፣ ደግሞ አራቀው። «ማን ነው የሚለው?» አለ።

«ጌጤ ስንሻው ነው የሚለው።»

«ይሁን። ነገር ግን የሹፌር ዓይን አይታመንም። ዓይንሽ ደህና መሆኑን ከጤና ጣቢያ አስመስክሪ።» ፊደሉ ተደባልቆበት ያላነበበው ሰውዬ የእሷን ዓይን ጠረጠረ። ደብዳቤ አልጽፍ አለ።

ጌጤ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣች፤ ዳገት ነው። «ሲስተር፣ ዓይኔን እዪልኝ። ትራፊኩ ደብዳቤ አልጽፍ አለ፤ ወይዘሮዋ ማኅተም አልመታ አለች፤ አጎቴ አልፈርም አለ፤ ነጋዴው ሊብሬ አልሰጥ አለ፤ ጸሐፊው ወረቀት አላወጣ አለ።»

ሲስተር ትርንጎ ደግ ሴት ናት። ደግነቷ ግን መመሪያ ሲያይ ይደነግጣል። ፋይል ገለጠች፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደች። «የሹፌር ዓይን ምርመራ የሚሠራው ኢንሹራንስ ላለው ሹፌር ነው ይላል፤ እኔ አይደለሁም ያልኩት። ኢንሹራንሱን አውጪና ነይ፣ እህቴ።» እሷም ዓይን አላይ አለች።

ጌጤ በሩ ላይ ቆመች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዞራ ዞራ፣ ወረቀት ለማግኘት ያችኑ ወረቀት አምጪ ተባለች። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የሁሉንም መኪና ነድታለች፣ እየፈራች። መጮህ አማራት፣ አልጮኸችም። ከአንገቷ ላይ የቁልፉን ገመድ ፈታችና የላንድክሩዘሩን ቁልፍ ከሲስተር ፋይል ላይ አኖረችው።

«ሲስተር ዓይን አላይ ካለች፣ ትራፊኩ አልጽፍ ካለ፣ ወይዘሮዋ ማኅተም አልመታ ካለች፣ አጎቴ አልፈርም ካለ፣ ነጋዴው ሊብሬ አልሰጥ ካለ፣ ጸሐፊው ወረቀት አላወጣ ካለ፣ እኔም አልነዳ አልኩ።»

ቁልቁለቱን ወረደች። የፒክአፑን ቁልፍ ለወይዘሮዋ ሰጠች። የአይሱዙውን ቁልፍ ለነጋዴው ሰጠች፤ መኪናው ላይ የአጎቷ ጤፍ እንደተጫነ ነበር። የቪትዙን ቁልፍ ጸሐፊው ፊት፣ ከሻዩ ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጠች።

«ምን ሆንሽ? ልጆቼን ማን ያመጣቸዋል?» አለ ጸሐፊው።

«መኪና የሌለው ሰው የመኪና ቁልፍ ምን ያደርግለታል?» አለችና ወጣች።

ወሬው እሳት ነው፤ ሳይመሽ የከተማውን ሹፌሮች ሁሉ አዳረሰ። መኪና የሌላቸው ዘጠኝ ሹፌሮች ነበሩ፣ የአንዳርጌ ባልንጀሮች። ሁሉም ቁልፋቸውን እየመለሱ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተር ትርንጎ የክትባት ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታ ጌጤ ቤት መጣች። ቆላ ውስጥ እናቶች ሕፃናት ታቅፈው ይጠብቃሉ። በሳጥኑ ውስጥ በረዶ አለ፣ በረዶውም ይቀልጣል፤ ውኃው ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል። ጌጤ ደጃፏ ላይ የልጇን ፀጉር ትጎነጉናለች።

«ጌጤ፣ በልጅሽ ይዤሻለሁ፣ አድርሽን። መድኃኒቱ ሊበላሽ ነው።»

«አደርሳለሁ። ግን ንገሪኝ ሲስተር፣ ዓይኔን ለማየት ስንት በረዶ ይቀልጣል?»

ሲስተር አፈረች። ሳጥኑን አስቀመጠችና ማዶ ያለውን የዳቦ ቤት ጽሑፍ አስነበበቻት። ጌጤ እስከ ስልክ ቁጥሩ አነበበች። ማስረጃውን ሲስተር እዚያው ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች። ሻይ ፈልቶ እስኪወርድ እንኳ አልፈጀም።

ሲስተር ሳጥኗን አንግታ ጌጤን አስከትላ ትራፊኩ ዘንድ ሮጠች። «ጻፍ፤ አለዚያ የራስህ ልጅ ክትባት እዚህ ሳጥን ውስጥ ይበላሻል» አለችው። ትራፊኩ ጻፈና ወይዘሮዋ ዘንድ ሮጠ። «ማኅተም ምቺ፤ ፒክአፑ መንገድ ዘግቶ ቆሟል፣ ልቅጣሽ?» አላት። ወይዘሮዋ ማኅተም መታችና አጎቷ ዘንድ ሮጠች። «ፈርም፤ አለዚያ ነገ አንተም ማን እንደሆንክ አስመስክር እልሃለሁ» አለችው። አጎቷ ፈረመና ነጋዴው ዘንድ ሮጠ። «ሊብሬውን ስጥ፤ አለዚያ ጤፌን ከመኪናህ ላይ አወርዳለሁ» አለው። ነጋዴው ሊብሬውን አወጣና ጸሐፊው ዘንድ ሮጠ። «ወረቀቷን አውጣ፤ አለዚያ አይሱዙዬን ሌላ ኢንሹራንስ አስገባለሁ» አለው።

ሲስተር ዓይን አየች፣ ትራፊኩ ደብዳቤ ጻፈ፣ ወይዘሮዋ ማኅተም መታች፣ አጎቷ ፈረመ፣ ነጋዴው ሊብሬ ሰጠ፣ ጸሐፊውም ወረቀት ሊያወጣ ተቀመጠ።

ልጆቹን ጠዋት በእግሩ አድርሶ የመጣው ጸሐፊ ላቡን ጠረገ። የሻይ ብርጭቆውን አነሳ። ከብርጭቆው ሥር ካለው ክምር የላይኛውን ቅጽ አወጣ፤ የብርጭቆው ቂጥ ቅጹ ላይ ክብ አድርጎ አትሞበታል። ርእሱ «የራሱ መኪና ለሌለው ሹፌር» ይላል። ከርእሱ በታች ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ስም። የመንጃ ፈቃድ ቁጥር። ፊርማ።

ሁሉም አጎንብሰው አዩት። ነጋዴው ሊብሬውን በእጁ እንደያዘ ቆሟል። «የሊብሬ ቦታው የት ነው?» አለ።

ጸሐፊው ቅጹን ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው። «አንብቤው አላውቅም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጌጤ ስሟን ጻፈች፣ ቁጥሩን ጻፈች፣ ፈረመች። ጸሐፊው ማኅተም መታና አንዱን ቅጂ ሰጣት። አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። አላመሰገነችም፤ እኔም ብሆን አላመሰግንም። የላንድክሩዘሩን ቁልፍ ከሲስተር ተቀበለች፣ ሳጥኑን ከኋላ ጫነች፣ ወደ ቆላ ወረደች። ሲደርሱ ከበረዶው እንቁላል የምታህል ቁራጭ ቀርታ ነበር፤ በቅታለች።

ሲመለሱ በአሮጊቷ ደጃፍ አለፉ። ከጥር ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው። አንዳርጌም ገና አልተፈታም። ጌጤ መኪናውን አቆመችና ሲስተርን ዞር ብላ አየቻት።

«በጥርም እኮ ቅጹ እዚያው ብርጭቆው ሥር ነበር» አለች።

ተረቴን መልሱ፤ ብርጭቆውንም አንሱ።