የአመለወርቅ መርፌ

በአንድ ወቅት ሾላ ሜዳ በምትባል ከተማ አመለወርቅ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ቀድሟት ስለሞተ ሦስት ልጆቿን ያሳደገችው የስፌት መኪና ፔዳል እየረገጠች ነው። ትልቁ ክንፈ አስተማሪ ሆነ። መካከለኛዋ ስመኝ አግብታ እዚያው ሰፈር ቀረች። ታናሹ አዱኛ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ከአገር አገር ይዞራል።

ሴትዮዋን ቁርጥማት ያዛት። ጉልበቷ አልታጠፍ፣ ጣቶቿ መቀስ አልጨብጥ አሉ። አዱኛ ከሄደበት ገበያ፣ ያለ ሐኪም ወረቀት ከሚሸጥ ሰው፣ በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ክኒን አመጣላት። በሦስተኛው ቀን ተነስታ ሰፋች። ልጇን መረቀችው፤ መርቃም አስማለችው።

«ለወንድምህ እንዳትነግር። ሐኪም ቤት ካልሄድሽ ብሎ ይጨቀጭቀኛል። በአባትህ አጥንት ማልልኝ።»

አዱኛ ማለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አመላለሰላት። ፊቷ ሞላ፣ ጉንጯ ድቡልቡል አለ። ጎረቤቱ ሁሉ «አመለወርቅ፣ ዘንድሮስ ተመችቶሻል!» ይላት ነበር፤ እሷም ደስ ይላት ነበር።

አንድ ቀን ግን አዱኛ ከሌላ ሾፌር አፍ፣ ያ ክኒን አጥንት እንደሚያሳሳ፣ የሾፌሩንም አክስት አልጋ ላይ እንደጣላት ሰማ። ደነገጠ። ለእናቱ «ሻጩ ጠፋ» ብሎ ዋሻትና ክኒኑን በአንዴ አቋረጠባት። ክፉ አላሰበም፤ ያዳናት መስሎት ነበር።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሰውነቷ ዛለ። ምግብ አስጠላት። ከተቀመጠችበት ስትነሳ ዓይኗ ይጨልማል፣ ግድግዳ ትይዛለች። ያ ሁሉ የሚመሰገን ጉንጭ ሟሸሸ። ስመኝ ልትጠይቃት ስትገባ ነጭ አቡጀዲ ቆርጣ ስትሰፋ አገኘቻት።

«ለማን ነው እማዬ?»

«ለራሴ ነዋ። ሌላ ሰፊ ልኬን አያውቅም።»

ስመኝ መግነዙን ከእጇ ነጥቃ ክንፈን ጠራችው። ክንፈም በዚያው ዕለት እናቱን አንስቶ ሆስፒታል ወሰዳት።

ዶክተር ሐዊ የተባለች ሐኪም መረመረቻት። የደም ግፊቷ ወርዷል። «ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ እጢዎች የደከሙ ይመስለኛል» አለች። «ሁለት ምርመራ አለ። አንደኛው በማለዳ የሚቀዳ ደም ነው፤ እጢው የሚያመነጨው ሆርሞን ከፍ የሚለው ጠዋት ስለሆነ ያኔ ከወረደ ያስታውቃል። ሁለተኛው እጢውን በመርፌ ማዘዝ ነው። እንወጋና በግማሽ ሰዓትና በአንድ ሰዓት ደሙን እናያለን፤ ታዞ ካልሠራ በእርግጥ ደክሟል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ አንዳንዴ ግን ቁርጡን አይናገርም። ሁለተኛው ይናገራል፤ መርፌው ግን እዚህ የለም።»

ከዚያ ወደ አመለወርቅ ዞረች። «እናቴ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ነበር?»

አመለወርቅ ያ የላስቲክ ቋጠሮ ትዝ አላት። ልጄን ያስሩብኛል ብላ አሰበች።

«የለም» አለች።

የክንፈ ሥራ ይህ ነው። አባቱ የሞተው ለሌላ በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት በግምት ተሰጥቶት ስለነበር ግምት የሚባል ነገር ያንገሸግሸዋል። እናቱን ጎህ ሲቀድ እየደገፈ ወስዶ የጠዋቱን ደም አስቀዳ። ውጤቱ መሐል ቤት ሆነ፤ ዝቅ ብሏል፣ ቁርጥ ግን የለውም። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እሱ ግን ዋና ከተማ ወርዶ፣ አምስት መድኃኒት ቤት ዞሮ፣ እጢውን የሚያዝዘውን መርፌ በበረዶ ሣጥን አድርጎ የመልስ ጉዞ ጀመረ። ሲወጣ እህቱን አስጠንቅቋት ነበር። «ምርመራው ሳያልቅ ምንም መድኃኒት እንዳትሰጧት። ከተሰጣት ውጤቱ ይበላሻል።»

የስመኝ ሥራ ደግሞ ይህ ነው። ክንፈ መንገድ ላይ ሳለ አመለወርቅን ትኩሳት ያዛት። ረፋድ ላይ አስመለሳት፤ ቀትር ላይ ስሟን ሲጠሯት መመለስ አቆመች። ስመኝ ተሸክማ ሆስፒታል አደረሰቻት። ዶክተር ሐዊ ለሥራ ወጥታለች፤ ተረኛው የጤና መኮንን የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት በእጁ ይዞ ያመነታል። ስመኝ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ እማዬ እያለቀች ነው!»

«ሦስት ሰዓት ብቻ ጠብቁኝ፣ ደረስኩ! አሁን ከተወጋች በሽታዋን ሳናውቀው እንቀራለን!»

«ሬሳዋን ነው የምትመረምረው?» አለችና ዘጋችበት። «ውጋት» አለችው መኮንኑን። «በእኔ ይሁን።»

አመለወርቅ ይህን ሁሉ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚሰማ ድምፅ ትሰማው ነበር። መድኃኒቱ በደም ሥሯ ገባ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠየቀች። ክንፈ በረዶ ሣጥኑን አቅፎ ሲገባ ተቀምጣ አገኛት። ደስ አለው፤ ደስታው ውስጥ ግን ንዴት ነበረበት።

ዶክተር ሐዊ ስትመለስ ስመኝን አመሰገነቻት፤ ፊቷ ግን አልፈካም። «በሕይወት አለች። የያዛት ነገር ግን ገና አልታወቀም። አሁን መድኃኒቱን አቁሜ ልመርምር ብል ልገድላት እችላለሁ። የሳንባ ነቀርሳ ተዛምቶ እጢውን በልቶት ይሆናል፤ ክፉ እባጭ በቅሎባት ይሆናል። ዋና ከተማ ሄዳ ሆዷም ጭንቅላቷም በፎቶ ይታይ። መንገዱን መቻሏን ግን እንጃ።»

የአዱኛም ሥራ ይህ ነው። ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶ፣ ጭነቱን ሳያራግፍ መኪናውን ሆስፒታሉ በር ላይ አቁሞ ገባ። ሐኪሟ የምትለውን በሩ ላይ ቆሞ ሰማ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አልጋው ጋ ሲደርስ አመለወርቅ እጁን ያዘችው። ምን ሊናገር እንደሆነ ስላወቀች አጥብቃ ጨመቀችው።

«ማለህልኛል» አለች በሹክሹክታ።

እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። «ዶክተር፣ ሁለት ዓመት የቁርጥማት ክኒን ሳመጣላት ነበር። ያቋረጥኩባትም እኔ ነኝ። ከፈለግሽ ፖሊስ ጥሪ።» የቀረችውን አንድ ክኒን ከኪሱ አውጥቶ በሐኪሟ መዳፍ ላይ አኖረ።

ዶክተር ሐዊ ወደ ላብራቶሪው ሮጠች። ክንፈ ካስቀዳው የጠዋት ደም ላይ የተረፈው በበረዶ ተቀምጦ ነበር፤ በእሱ ሌላ ሆርሞን አስለካች፤ ከአንጎል ሥር ሆኖ እጢውን «ሥራ» የሚለውን። እሱም ወርዶ ተገኘ።

«እጢው አልሞተም፤ ተኝቷል» አለች። «ክኒኑ ሥራውን ስለሠራለት አዛዡም ታዛዡም ተኙ። ክኒኑ በድንገት ሲቀር የሚነቃ ጠፋ። አሁን ያንኑ ዓይነት መድኃኒት በልኩ ትወስዳለች፤ ቀስ በቀስ እንቀንሳለን። በዓመት ሊነቃ ይችላል። ላይነቃም ይችላል።»

ከዚያ አንዲት ትንሽ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ውስጧ መድኃኒትና ሲሪንጅ አለ።

«ትኩሳት ቢይዛት፣ ብትወድቅ፣ ካስመለሳት፣ እንደዚያ ቀን ትሆናለች። ያኔ ራሷ አትናገርም። አብሯት የሚኖር፣ ይህን መርፌ የሚይዝ፣ ስለ እሷ የሚወስን አንድ ሰው ላሠልጥን። አንድ ብቻ። ሦስት ከሆናችሁ ትከራከራላችሁ፤ እሷ ክርክር የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም።»

ክንፈ «የሚገባው ለእኔ ነው» አለ። «እኔ የጠዋቱን ደም ባላስቀዳ የአዱኛ ቃል ቃል ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።»

ስመኝ «ያንተን ሦስት ሰዓት ብንጠብቅ ቃሉንም የሚሰማ እናት አልነበረችም» አለች።

«አንቺ እኮ ሳታውቂ ነው ያስወጋሽው። ነገ ሌላ በሽታ ቢጥላትስ?»

አዱኛ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «መኪናውን ትቼ አብሬያት እኖራለሁ፤ ዳግመኛ እንዳላጠፋ ከእኔ ይበልጥ የሚጠነቀቅ ግን ከየት ይመጣል?»

ሦስቱም እናታቸውን አዩ። አመለወርቅም አንድ በአንድ አየቻቸው። ክንፈ እውነቱን ፍለጋ ለሞት ሊያበቃት ነበር፤ ያለ እሱ ግን እውነቱ አይረጋገጥም ነበር። ስመኝ ሳታውቅ አዳነቻት፤ ሳታውቅ የሚደፍር እጅ ደግሞ ሁልጊዜ አያድንም። አዱኛ አሳመማት፣ ዋሻት፣ በአባቱ አጥንት የማለውን አፈረሰ፤ መሐላውን ባያፈርስ ግን የበሽታዋ ምንጭ አይታወቅም ነበር።

ሣጥኗን አንስታ ጭኗ ላይ አኖረች። አፏን ልትከፍት ስትል ጀርባዋን ብርድ ብርድ አላት። ጥርሷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የመስኮቱ ብርሃን ዓይኗ ላይ እየጠበበ መጣ። አንድ ስም ብቻ ለመጥራት የሚበቃ ትንፋሽ እንደቀራት ታወቃት።

እናንተ የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱ፤ በአመለወርቅ ቦታ ብትሆኑ ሣጥኗን ለማን ትሰጡ ነበር?