«ሲተኛ» እና «ስተኛ»

አንድ ሰው ነበረ። መምህር ይርዳው መልሳቸውን የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው። ሐመልማል የምትባል ተማሪያቸው የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን አነጋግራ፣ ድምፃቸውን ቀድታ፣ አሁን ወደ ጽሑፍ እየገለበጠች ነበርና፣ «ሰዎቹ ሲናገሩ የተሳሳቱትን ላርምላቸው ወይስ እንዳለ ልተወው?» ብላ ጠይቃቸዋለች። በአንድ ቃል መልሰው ሊያሰናብቷት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር አሳዩአት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ጥናት ነው። ሰዎች እያሳላቸው ለምን ቶሎ ወደ ሕክምና እንደማይሄዱ ያጠና ነበር። ምክንያቱንም ደርሶበታል፤ ሐፍረት ነው። ስለዚሁ ሐፍረት ጽፏል፣ አስተምሯል፣ የሰፈሩን ጤና ጣቢያ ነርሶች ሳይቀር አሠልጥኗል።

ይህ ሰው የአንድ የኢንተርኔት ውይይት ቡድን አባል ነበር። አባላቱ የሳንባ ነቀርሳን በማይክሮስኮፕ ሳይሆን በሰው ኑሮ በኩል የሚያጠኑ፣ በየከተማው የተበተኑ፣ አብዛኞቹም በአካል ተያይተው የማያውቁ ምሁራን ናቸው። ጨዋ ቡድን ነበር። አንድ ጥብቅ ደንብም ነበረው፤ የታማሚ ስም አይነሳም። ስለ ታማሚ የሚጽፍ ሁሉ «አንድ ሰው አለ» ብሎ ይጀምራል፤ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ታዲያ ይህን አጥኚ ሳል ያዘው። መጀመሪያ ብርድ ነው አለ። ቀጥሎ አቧራ ነው አለ። ላብ እያጠመቀው፣ ሱሪውም እየሰፋው ሲመጣ የሚለው አጣ፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃልና። ትንሽ ልጅ አለችው፤ ከእሱና ከእናቷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምትተኛው። ጤና ጣቢያው ከቤቱ ሩቅ አይደለም። ግን እዚያ ያሉት ነርሶች በሙሉ «መምህራችን» ነው የሚሉት። አክታውን በዕቃ ይዞ ከፊታቸው ሲቆም ታየውና ቀረ።

መቅረቱ ግን እንቅልፍ ነሳው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቢሮው ቁጭ ብሎ ለቡድኑ ጻፈ፦ «አንድ ሰው አለ፤ የተማረ ነው። ማሳል ከጀመረ ቆይቷል። ሕክምናው እንዳለ ያውቃል። ማታ ስተኛ ሕፃን ልጁ ላይ እንዳያስል ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ለምን አይታከምም ትላላችሁ?»

ቡድኑ ደስ አለው። እንዲህ ያለ ጥሩ ጥያቄ ከመጣ ሰንብቶ ነበር። አንዱ ነገሩን ከመደብ አንጻር አየው፣ ሌላው ከወንድነት አንጻር። «ግድግዳው ራሱ ምልክት ነው» ያለም አለ፤ ብዙ አውራ ጣት ተቀሰረለት። አንድ አንጋፋ ዶክተር ሁሉንም በጥሞና ካነበቡ በኋላ፣ «ወንድማችን፣ ግሩም ጽሑፍ ነው። ‹ስተኛ› ያልከው ‹ሲተኛ› ለማለት ነው፤ ሣልሱ ሳድስ ሆኖብሃል» ብለው ጻፉለት። እሱም አመስግኖ አስተካከለ። ከዚያም ክርክሩ ውስጥ ገባ፤ ሰውዬውን ደግፎ።

ሐዋሳ የምትኖር አንዲት መምህርት ግን ጽሑፉን ያየችው ሳይታረም በፊት ነበር። እሷም የቡድኑ አባል ናት፤ በዕድሜም ትበልጠዋለች። ፊደሉ ላይ ቆም አለችና ስልኩን ፈልጋ ደወለችለት።

«የግሩፑ ነኝ፣ ከሐዋሳ። ያ ሰውዬ እንዴት ሆነ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ወደ ግድግዳ የሚዞረው ነዋ።»

«ደህና ነው... ደህና» አለና አፉን በክርኑ ከደነ። ስልኩ ግን ሳሉን ሐዋሳ አደረሰው። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ልጅቷስ?»

«የሰውዬው ልጅ?»

«እሺ፣ የሰውዬው ልጅ።»

«ትናንት እሷንም አሳላት» አለ።

«በል ተነስ።»

«እህቴ፣ እነዚያን ነርሶች ስለ ሐፍረት ያሠለጠንኳቸው እኮ እኔ ነኝ! በምን ዓይኔ ልያቸው?»

ሴትዮዋ ሳቀች። «እንግዲያው ሥልጠናህ ሠርቶ እንደሆነ ዛሬ ታየዋለህ። ስልኩን እንዳትዘጋው፤ በሩ ድረስ አብሬህ ነኝ።»

ሄደ። ነርሷ «መምህር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታስተምረን መጣህ?» ብላ እየሳቀች ተቀበለችው። ሊመልስላት ሲል አሳለው። ያን ጊዜ መሳቋን ትታ መስኮቱን ከፈተች፣ ወንበርም ሳበችለት። በሽታው ተገኘበት፤ መድኃኒት ጀመረ። ልጅቷም ተመርምራ በጊዜ ተደረሰላት። ቡድኑ ግን ሰውዬው ለምን እንደማይታከም ሲከራከር ከረመ።

መምህር ይርዳው እዚህ ላይ ወደ ሐመልማል ዞሩ።

«አየሽ፣ ዶክተሩ አልተሳሳቱም። ፊደሉ እሳቸው እንዳሉት ነው። መምህርቷም ከእሳቸው የበለጠ ሰዋስው አታውቅም። እሳቸው ግን ስሕተቱን ሲያዩ ጽሑፉ ታሰባቸው፣ እሷ ጸሐፊው ታሰባት። ያነጋገርሻቸው ሰዎችም እንደዚያ አጥኚ ናቸው፤ ደፍረው የማይነግሩሽ ነገር ሳያስቡት ያመልጣቸዋል። ቅድም ያነበብሽልኝ ሴት ‹ጎረቤቴ መድኃኒቱ ሲከብዳት አቋረጥኩ› ብላለች። አንቺ ‹አቋረጠች› ልትዪው ነው።»

«ስለ ጎረቤቷ እኮ ነው የምታወራው፣ መምህር» አለች ሐመልማል።

«ሊሆን ይችላል። አፏን አዳልጧትም ሊሆን ይችላል። ይህን ግን እዚህ ቁጭ ብለሽ አታውቂውም። መጀመሪያ ሂጂና ‹ጎረቤትሽ እንዴት ናት?› በያት። ፊደሉን ከዚያ በኋላ ታርሚዋለሽ።»